ጣሪያና ግድግዳ ከፍሎ መንገዱን መጠየቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ግብር ሲነሳ ዝም የሚል ሰው የለም። ታክሲ ውስጥ አንዱ «ዘንድሮስ ጨረሱን» ካለ በቃ፣ ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ ወሬው አያልቅም። ነጋዴው ያማርራል። ደሞዝተኛው «አንተስ ትደብቃለህ፣ የኔ ገና እጄ ሳይገባ ነው የሚቆረጠው» ይለዋል። ረዳቱ «ሂሳብ ወጣ ወጣ አርጉ» ይላል። ሁሉም የየራሱን ብሶት ይዞ ይወርዳል።

ስንት እንደተወሰደብን አንድ በአንድ እናውቃለን። የተወሰደው የት እንደደረሰ ግን ብዙም አንጠያየቅም። እኔም ጉዳዩን ማሰብ የጀመርኩት በእናቴ ደረሰኞች ምክንያት ነው።

የምንኖረው ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወርዱ ባለ አንድ ሰፈር ነው። እናቴ ወረቀት አትጥልም። የቤቱ ካርታ፣ የመብራትና የውሃ ቢል፣ የእድር ደብተር፣ ሁሉም በአንድ አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ነው። የጣሪያና ግድግዳ ደረሰኞቹ በላስቲክ ታስረው ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ወረቀቱ ስስ ነው፣ በካርቦን የተጻፈው ቀለም ለቋል፣ ማኅተሙ ግን አሁንም ወይን ጠጅ ነው። አንድ በአንድ ገለጥኳቸው። ከዓመት ዓመት የሚለወጠው ቀኑና የገንዘብ ያዡ ፊርማ ብቻ ነው። የብሩ መጠን አይለወጥም። በደርግ ጊዜ የተከፈለውና ልጅ ሆኜ እጇን ይዤ ሄጄ የተከፈለው ያው ነው። በዓመት መቶ ብር እንኳ አይሞላም።

ይህ የእናቴ ዕድል ብቻ አይደለም። የጣሪያና ግድግዳ ግብር የምንለው ነገር መሠረቱ የ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ነው። አዋጁ ሁለት ነገር ያስከፍላል፤ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር። የቤቱ ግብር የሚሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ስንት ያወጣል በሚል ግምት ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ግምቱ አንዴ ከተሠራ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነካ መቆየቱ ነው። ያኔ በመቶ ብር ይከራያል የተባለ ግቢ ዛሬ በስንት እንደሚከራይ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። ደላላ መጠየቅ ነው።

ስለዚህ ከተማዋ ዙሪያዋን እየሰፋች፣ ፎቅ በፎቅ ላይ እየተሠራ፣ ቤቶቿ ግን የሚከፍሉት ግብር በደርግ ዘመን ሒሳብ ነበር። በሚያዝያ 2015 የከተማው አስተዳደር ግምቱን አሻሽያለሁ ሲል ብዙ ሰው ደነገጠ። እናቴም ደነገጠች። አዲሱን ቁጥር ስነግራት «ለዓመቱ ነው ለወሩ?» አለችኝ። ለዓመቱ ነው አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና «እሱማ ያን ያህልም አይደል፣ ግን ምን አድርገውልኝ ነው?» አለች።

ጥያቄዋ ሳያንስም ሳይበዛም ይኸው ነው። መጠኑ ላይ መከራከር ይቻላል፤ ጡረታ የሚበላ ሰው በቤቱ ዋጋ ሳይሆን በእጁ ባለው ነው የሚኖረው። ኑሮ በተወደደበት ሰዓት ነው የመጣውም። ግን ግብሩ ራሱ ልክ አይደለም ለማለት ይከብደኛል። አዲስ አበባ ከፌዴራል መንግሥቱ እንደ ክልሎቹ ድጎማ አይወርድላትም። ወጪዋን በአብዛኛው የምትሸፍነው ራሷ ሰብስባ ነው። የምትሰበስበው ደግሞ ከየት? በግል ድርጅት ከሚሠራ ሰው ደሞዝ ላይ ከሚቆረጠው፣ ከግለሰብ ነጋዴው፣ ከአገልግሎት ክፍያ፣ እና ከመሬት።

መሬቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የመሃል ከተማው ታሪክ እዚያ ነው ያለው።

በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። ከዚያ በላይ ያሉት ኪራይ ቤቶች ወደሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ። የኪራዩም ተመን እንዲቀንስ ተደረገ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፣ ይህን የሚክድ የለም። ብዙ የአዲስ አበባ ልጅ አሥር ብር በማይሞላ ኪራይ አድጎ ተምሯል። እኔ የማውቃት አንዲት የሰፈራችን እናት የምትከፍለው ኪራይ ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ነበር።

ግን ያ ኪራይ ቆርቆሮ አይገዛም። ቀበሌው ቤቱን የሚያድስበት ገንዘብ የለውም፤ ተከራይዋ ደግሞ በራሷ ገንዘብ ላድስ ብትል ፈቃድ ያስፈልጋታል፣ ፈቃዱ ደግሞ «ቦታው መልሶ ማልማት ውስጥ ነው» እየተባለ ይከለከላል። ያቺ የሰፈራችን እናት ክረምት ሲመጣ ሳፋና ባልዲ በየቦታው ትደረድር ነበር። የትኛው ጠብታ የት እንደሚያርፍ ታውቀዋለች። አንዴ ልጇ በሌሊት አንድ ቆርቆሮ ሊቀይር ወጥቶ ደንብ አስከባሪዎች አስወረዱት። በማግስቱ ቆርቆሮው ወረዳ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ አየነው።

እንግዲህ አስቡት፤ የከተማዋ ውድ መሬት፣ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ልደታ፣ ለዓመታት ለከተማዋ ካዝና የሚያስገባው ከምንም የማይቆጠር ነበር። ኪራዩ አነሰ፣ ቤቱ አረጀ፣ ሰፈሩ «ደሳሳ» ተባለ። ደሳሳ ከተባለ በኋላ ደግሞ አፍርሶ ቦታውን በሊዝ መስጠት ብቸኛው መፍትሔ መሰለ። ሰው ሲፈናቀል ሁላችንም ያለቀስነው በመጨረሻው ቀን ነው። ነገሩ ግን የተበላሸው ያ የኪራይ ተመን ለአርባ ምናምን ዓመት ሲተው ነው።

የመሬት ሊዝ በ1986 በአዋጅ ቁጥር 80/1986 መጣ፣ በ1994 ተሻሻለ፣ በ2004 በአዋጅ ቁጥር 721 ጠበቅ አለ። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የሚሸጠው የመጠቀም መብቱ ነው። በተግባር ግን ጨረታ ነው፣ ጨረታውም ልብ ያስደነግጣል። በአንድ ወቅት መርካቶ ውስጥ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ ዋጋ ቀርቦ አገር ጉድ ብሏል። አንድ ካሬ ማለት ጀበናና ረከቦት ተዘርግቶ ባለቡናዋ ራሷ የማትቀመጥበት ቦታ ነው።

ይህ ገቢ ከተማዋን ገንብቷታል፣ አልክድም። ቀለበት መንገዱን ተሻግሮ ያለው ብዙ መንገድ ያለ መሬት ገንዘብ አይታሰብም። ግን መሬት መስጠት የእርሻ በሬ እንደመሸጥ ነው። የገበያው ዕለት ኪስ ይሞላል። መምህር፣ ነርስ፣ መንገድ ጠራጊ ግን በየወሩ ነው የሚከፈላቸው። የየወሩን ወጪ በየወሩ በሚመጣ ገቢ ነው መሸፈን የሚቻለው። ለዚህ ነው የቤት ግብር የሚባለው ነገር፣ ስሙ ቢያስጠላም፣ ለከተማ የሚመቸው። ቤት አይደበቅም፣ ወደ ሌላ ክልል አይሸሽም፣ በየዓመቱ እዚያው ነው።

ነጋዴው ላይ ብቻ ሙጥኝ ማለት ምን እንደሚያመጣ በ2009 ክረምት አይተናል። የቀን ገቢ ግምት ተብሎ ገማቾች በየሱቁ ዞሩ። ሻይ ቤት ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ቆመው ስኒ የቆጠሩ አሉ። ከዚያ የመጣው ቁጥር ብዙ ትንንሽ ነጋዴ መደብሩን እንዲዘጋ፣ በአንዳንድ ከተሞችም አድማ እንዲመታ አደረገ። ግመታው በሁሉም ቦታ ስህተት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ያለ ደረሰኝ የሚሸጠውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ያለ ደረሰኝ ስንት ትለኛለህ?» የምንለው እኛው ነን። ግን የማይታመን ግምት ተመልሶ ግብሩን ራሱን ያስጠላል።

አሁን ወደ ትልቁ ቁጥር። የከተማዋ በጀት በ2015 ወደ 100 ቢሊዮን ብር ነበር። በ2017 ወደ 230 ቢሊዮን ሆነ። ለ2018 የጸደቀው 350 ቢሊዮን ገደማ ነው። በሦስት ዓመት ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የብሩን መርከስ መቀነስ ያስፈልጋል። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ፤ አስፋልት፣ ቱቦ፣ አምፖል ሁሉ የሚገባው በዶላር ነው። ቢሆንም ጭማሪው ዋጋ ንረት ብቻ አይደለም። ከተማዋ በእርግጥም ብዙ እየሰበሰበች ነው።

አብዛኛው የሚሄደው ለካፒታል ወጪ ነው፣ ማለትም ለግንባታ። የምናየውም እሱን ነው። የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ጀምሮ ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ካዛንቺስን ቀያይሮታል። እውነቱን ለመናገር ማታ ማታ በሰፊው የእግረኛ መንገድ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ መሄድ ደስ ይለኛል። እናቴም ወንበር ስላለ አረፍ እያለች ትሄዳለች። የፈረሰውን የፒያሳ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያን፣ ሳስብ ደግሞ ሌላ ነገር ይሰማኛል። ሁለቱም ስሜት አለኝ፤ አንዱን ምረጥ የሚለኝን ሰው አልሰማውም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ መብራት ቆጣሪ አለው። ፏፏቴው ሞተር አለው። ሣሩ በበጋ ውሃ ይፈልጋል፣ በዚያው በበጋ እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ድንጋዩ ይሰነጠቃል፣ ወንበሩ ይነቀላል፣ ቀለሙ ይለቃል። ምረቃ ላይ ሪባን ይቆረጣል፤ ለጥገና የሚቆረጥ ሪባን ግን አይቼ አላውቅም። በከተማው ቀላል ባቡር አይተነዋል። በመስከረም 2008 ሲጀምር ሰው በደስታ ነበር የተሳፈረው፣ ቲኬቱም ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ብር ነበር። በዚያ ዋጋ መለዋወጫ አይገዛም። ቲኬቱ ካልቻለ ከተማው ይደጉም፣ ያ ደግሞ ከግብር ነው፣ ግብሩ ደግሞ ከኛ ነው። ክቡ እዚሁ ነው የሚዞረው።

ቆሻሻውም እንዲሁ። ለጽዳት የምንከፍለው ከውሃ ቢል ጋር ተያይዞ ነው። ይህ ነገር ለረጅም ዓመታት የተሰላው በውሃው ሒሳብ ላይ በመቶኛ ነበር። ሲያዩት ብልህ ዘዴ ነው፤ ለብቻው ሰብሳቢ አያስፈልግም። ግን ውሃ ሳይመጣ የከረመ ሰፈር ቢሉ ያንስ ነበር፣ የጽዳት ክፍያውም አብሮ ያንስ ነበር፣ ቆሻሻው ግን አያንስም። እንዲያውም ውሃ ሲጠፋ የፕላስቲክ ጠርሙሱ ይበዛል። ማዳበሪያ ተሸክመው በር የሚያንኳኩት የማኅበር ልጆች የሚከፈላቸው በሰበሰቡት መጠን ነው። የሚሸከሙት የመጨረሻ ማረፊያው ደግሞ ለዘመናት ቆሼ ነበር። በመጋቢት 2009 ያ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ቀብሯል። በ2010 እዚያው ረጲ አካባቢ ቆሻሻን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ጣቢያ ተመርቋል። የቆሻሻ ገንዘብ ለዓመታት ቸል ሲባል ምን እንደሚያስከትል ከዚያ በላይ ምን ይነገራል?

የከተማዋ ሌላ መከራ ሰዉ ነው። በመጨረሻው ቆጠራ፣ በ1999፣ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም። ዕቅዱ ሁሉ የሚሠራው በትንበያ ነው። ቀን ቀን ደግሞ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከለገጣፎ የሚገባው ሰው አለ፤ መንገዷን ይጠቀማል፣ የቤቱን ግብር ግን ለሸገር ከተማ ነው የሚከፍለው። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤቶች፣ የአፍሪካ ኅብረት፣ ኤምባሲዎቹ ሁሉ እዚሁ ናቸው። ኤምባሲ በዓለም አቀፍ ሕግ የንብረት ግብር አይከፍልም። መንገድ ሲዘጋላቸው ግን የምንቆመው እኛ ነን። (ይህን የጻፍኩት ጠዋት ቆሜ ስለመጣሁ ነው፣ ይቅርታ።)

እንግዲህ ሰው መክፈል አይወድም ይባላል። እኔ አልቀበለውም። የሰፈራችን ኮብልስቶን ሲነጠፍ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከዚያ በፊት መንገዱ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ነበር። ነዋሪው ድርሻውን ካዋጣ መንግሥት ቀሪውን ይሸፍናል ተባለ። ስብሰባው የተደረገው በእድሩ ድንኳን ነው። የመጀመሪያው ሰዓት ሙሉ ጭቅጭቅ ነበር። ባለ ፎቁና ባለ አንድ ክፍሉ እኩል ይክፈሉ? መጨረሻ ላይ ያለው ቤት መንገዱን በሙሉ ስለሚጠቀም ይጨምር? የቀበሌ ቤት ተከራይስ ነገ ቢነሳ ያዋጣው ገንዘብ ምን ይሆናል? ይህን ሁሉ የተከራከሩት በኢኮኖሚክስ የተመረቁ ሰዎች አልነበሩም። አንድ ጡረታ የወጡ መቶ አለቃ፣ አንዲት ጠላ ሻጭ፣ አንድ ጋራዥ ያለው ሰው ናቸው። መጨረሻ ላይ ባለ መኪና እንዲጨምር፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ ግማሽ እንዲከፍል፣ ሁለት አቅመ ደካማ ቤቶች እንዲታለፉ ተስማሙ።

ከዚያ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ተገዛ። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ የተከፈለ፣ የቀረ። በየሳምንቱ እሁድ መቶ አለቃው ዝርዝሩን በፍሉስካፕ ወረቀት ገልብጠው መብራት ምሰሶው ላይ ይለጥፉታል። ባለ ጋራዡ መጀመሪያ «እኔ ግብሬን ከፍያለሁ፣ ሌላ አልከፍልም» ብሎ ነበር። ስሙ ከነ «ቀሪ» ምሰሶው ላይ ሁለት እሁድ ከዋለ በኋላ ከፈለ። ድንጋይ የሚጠርቡት የማኅበር ልጆች ሲመጡ ሰፈሩ ምሳ እያወጣ አበላቸው። አሸዋ ሲጎድል መቶ አለቃው ራሳቸው ቆመው ጋሪ ይቆጥሩ ነበር። «ይቺ አልሞላችም፣ መልሳት» ሲሉ እስከ ዋናው መንገድ ይሰማል።

ግብር ለማስከፈል የሚያስፈልገው ነገር በሙሉ እዚያ ደብተር ውስጥ ነበር። ማን ስንት እንደሚከፍል ተስማምተዋል። የሰበሰበው ሰው ሰፈር ውስጥ አለ። የተገዛው ነገር በር ላይ ነው። ያልረካ ሰው መቶ አለቃውን ኪዮስክ ጋ አግኝቶ ይሞግታቸዋል።

የጣሪያና ግድግዳው ግብር ግን እንዲህ አይደለም። እከፍላለሁ፣ ደረሰኝ እቀበላለሁ፣ አሁንማ በስልክም ይቻላል። ከዚያ ገንዘቡ ወደ ከተማው ካዝና ይገባል፣ ከሊዙና ከደሞዝ ግብሩ ጋር ይቀላቀላል፣ በጀት ተብሎ በክፍለ ከተማ በኩል ይወርዳል። ወረዳው የደረሰውን ይወስዳል፤ ከሰፈሩ በተሰበሰበው ላይ አያዝም። መንገዳችን ከተነጠፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ቧንቧ ሊቀብሩ የመጡ ሰዎች ኮብሉን ነቅለው፣ ድንጋዩን እንደነገሩ መልሰውት ሄዱ። መሃሉ ሰጠመ፣ ዝናብ ሲዘንብ ኩሬ ሆነ። ለማመልከት ወረዳ ሄድን። የተቀበለችን ልጅ ትሁት ናት፣ ቁጭ በሉ ብላ ወንበር ሁሉ አመጣችልን። «ወላሂ እውነቴን ነው፣ ለጥገና የተያዘ ነገር የለም። ሰኔ ሳይመጣ በፊት ብትጠይቁ ኖሮ…» አለችን። መቶ አለቃው «ልጄ፣ ከፍለን ያነጠፍነውን ነው የምንጠይቅሽ» አሏት። አንገቷን ደፋች። ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የምትመድበው ሳንቲም የላትም።

አሁን ነገሩ ወደ አዲስ ምዕራፍ ገብቷል። በ2015 ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው የንብረት ታክስ ሥልጣን የክልሎች እንዲሆን ወሰኑ። በጥር 2017 ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጁ ጸደቀ። ከእንግዲህ ስሌቱ ከንብረቱ የገበያ ዋጋ ጋር ይያያዛል። እናቴ የምትኖርበት ግቢ የገበያ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፣ እሷ ግን አትሸጠውም፣ ትኖርበታለች። ዳቦ የምትገዛው በጡረታዋ ነው። ለእንደሷ ያለ ሰው ማዘግየት ወይም ቅናሽ ካልታሰበ የመሃል ከተማ አሮጌ ባለቤቶች ሳይፈልጉ ይሸጣሉ። የተከራየ ቤት ላይ ደግሞ አከራዩ ጭማሪውን ተከራዩ ላይ እንደሚጭነው ማንም ያውቃል።

ቢሆንም ግብሩን እቃወማለሁ አልልም። የምፈልገው አንድ ወረቀት ነው። ወረዳው ግድግዳ ላይ የተለያየ ዕቅድና መፈክር ይለጠፋል፤ እዚያው ጎን ከዚህ ወረዳ ቤቶች ዘንድሮ ስንት ተሰበሰበ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለዚሁ ወረዳ መብራት፣ ቱቦና መንገድ ጥገና ተመለሰ የሚል ይለጠፍ። ሁሉም ይመለስ አይደለም፤ የኛ ሰፈር ገንዘብ አቃቂ ላይ ትምህርት ቤት ቢሠራ፣ ለተማሪዎች ምገባ ቢውል ደስ ይለኛል። ግን የተወሰነው ድርሻ፣ አሥር በመቶም ይሁን፣ በሕግ ለሰፈር ጥገና ይቀመጥ፤ ሰኔ ደረሰ ተብሎ ለወንበርና ለስብሰባ ሻይ አይለወጥ። ያቺ ትሁት ልጅም ሰው ሲመጣባት አንገቷን ከምትደፋ፣ መዝገቧን ገልጣ «ይሄን ያህል ቀርቶናል፣ ኩሬያችሁ ተራው ሦስተኛ ነው» ትበል። ሦስተኛ መሆን አይከፋንም። ውሃም በፈረቃ ነው የምንጠብቀው።

እናቴ የዘንድሮውንም ከፍላለች። አዲሱ ደረሰኝ በስልክ የመጣ አጭር መልእክት ነው፣ ቦርሳዋ ውስጥ አይገባም። «አትሙልኝና አምጡልኝ» ብላ ልካኛለች። ኮፒ ቤቱ አንዱን ገጽ በአሥር ብር ነው የሚያትመው፣ እሱም ያለ ደረሰኝ።